ከወለድኳት ወዲህ

ሰኞ 3

ይህን ደብተር የገዛሁት ለሥራ ነበር። የምጮህበት ሰው ስላጣሁ ግን እሱ ላይ ልጮህ ነው።

እማዬ ልቧን ታማለች። የልብ ሐኪሙ፣ ጢሙ ገና እያቆጠቆጠ ያለ ልጅ፣ ልቧ ውስጥ ካሉት በሮች አንዱ ጠቦ ደም እንደ ልብ አያሳልፍም አለን። መድኃኒቱ ለጊዜው ያግዛታል እንጂ በሩ በቀዶ ሕክምና መቀየር አለበት። ዝናቡ ሳያልቅ ቢሆን ይሻላል፤ ከዚያ ካለፈ እንጃ አለ። «እንጃ» የሚል ሐኪም ደስ አይልም።

ያም ሆኖ ብዙም አልደነገጥኩም። ማተሚያ ቤታችን የሠራተኛ ወላጆችን በጤና መድን ማስመዝገብ የጀመረ ጊዜ ቀድሜ የተሰለፍኩት እኔ ነኝ። ከስልሳ አምስት ዓመት በላይ ላለ ወላጅ መዋጮው ከፍ ይላል። በየወሩ ከደመወዜ በተቆረጠ ቁጥር፣ የሐኪም ቤት ደጃፍ ረግጣ ለማታውቅ ሴት ምን አስለፋኝ እያልኩ ሳማርር ከረምኩ። አፌን በቆረጠው።

ሐኪሙ «እማማ፣ ትንፋሽ ማጠሩ ከመቼ ጀምሮ ነው?» አላት። በአገጯ ወደ እኔ ጠቆመችና «ይቺን ልጅ ከወለድኩ ወዲህ ጤና የሚባል ነገር አላውቅም፣ የኔ ልጅ!» አለችው። ነርሷ ሳቀች። ሐኪሙም እየሳቀ ጻፈ።

ዕድሜ ልኬን የሰማሁት ተረብ ነው። ዳቦ ሻጩ ያውቀዋል፣ የማተሚያ ቤታችን ዘበኛ ሳይቀር ያውቀዋል። ትዳሬ የፈረሰ ሰሞን የቀድሞ ባሌ እንኳ «እናትሽ እውነታቸውን ነው» ብሎኛል። ዛሬ ደግሞ ነርሷ ሰማች። እሰይ።

ረቡዕ 5፣ ምሳ ሰዓት

ቅድመ ፈቃድ ጠየቅሁ። እስካሁን የገባኝ ይህ ነው፤ መድን ቢሮው በጽሑፍ ካልፈቀደ በቀር ቀዶ ሕክምናው ቢሠራም ዕዳው የራሳችን ነው። ከፈቀደ አብዛኛውን እነሱ ይከፍላሉ፣ የቀረውን «የጋራ ክፍያ» ብለው ለእኛ ይተዉታል። ያንን ወንድም ጋሼና እኔ ተጋግዘን እንወጣዋለን። ሙሉው ከእኛ ከተባለ ግን ያለን ነገር እኔና እማዬ የምንኖርበት ቤት ብቻ ነው። እሱን አላስብም።

ሰኞ ዕለት ያልጻፍኩት ነገር አለ። ሐኪሙ በስንት ትራስ እንደምትተኛ ሲጠይቃት «በአንድ» አለችው። እኔ እስከማስታውሰው ሁልጊዜ ትራስ ደራርባ፣ ቁጭ እንዳለች ነው የምትተኛው፤ ሌባ ቢመጣ በሩን ለማየት ነው ትላለች። የአራሚነት ነገር ሆኖብኝ ላርማት አፌን ስከፍት እግሬን ረገጠችኝ። ጫማዋ ተረከዝ አለው።

እሑድ 9

አክስቴ መጣች። እማዬን ስታያት በር ላይ ቆማ አለቀሰች። «ገና ሳልሞት ምን ያስለቅስሻል? ለጊዜው ቆጥቢው!» ብላ ተቆጣቻት እማዬ።

ስለ ልጅነቴ ሲያወሩ ዋሉ። እውነቱን ለመናገር እማዬ ሰነፍ ነበረች። የሌሎቹ እናቶች ከልጆቻቸው ጋር ገመድ ሲዘሉ የኔዋ መስኮት ላይ ተቀምጣ «ድረሺባት! ያዣት!» እያለች አዛዥ ነበረች። ትምህርት ቤት ስታደርሰኝ ዳገቱ ላይ ሰላም የማትለው ፍጡር አልነበረም። የማታውቀውን ሰው ሁሉ አስቁማ «ልጆች ደህና ናቸው?» ትላለች። እኔ እጇን እየጎተትኩ ደወሉ ያመልጠኛል፣ በልቤም ወሬኛ እያልኩ እሰድባታለሁ። ሥራዋ ግን በልኳ የተሰፋ ነበር። ስልክ ማዞሪያ ቤት ተቀምጣ ሰው ከሰው ማገናኘት! «ተቀምጬ ዓለምን ዞርኩ» ትላለች እስከ ዛሬ።

«ልጆች ሳለን እኮ ወንዶቹን በሩጫ የምትቀድማቸው እሷ ነበረች» አለች አክስቴ።

እንግዲህ ሰው ይለወጣል። ይወፍራል፣ ይሰንፋል።

ማክሰኞ 11

ከለከሉን።

መስኮቱ ጀርባ ያለችው ልጅ ከእያንዳንዱ ቃል በፊት ይቅርታ ትላለች። «ይቅርታ፣ ይቀመጡ። ይቅርታ፣ ጥያቄዎ ተቀባይነት አላገኘም። ይቅርታ፣ ምክንያቱ እዚህ ጋ አለ።» ስሟን አልጠየቅኋትም፤ ለእኔ ይቅርታ ናት።

ምክንያቱን አነበበችልኝ። ሐኪሙ የጻፈው «ታካሚዋ ሕመሙ ከመጨረሻ ልጃቸው ወሊድ ጀምሮ እንዳለባቸው ተናግረዋል» ይላል። ውሉ ደግሞ «ከምዝገባ በፊት የታወቀ ሕመም በዚህ ውል አይሸፈንም» ይላል። የተመዘገበችው አምና ነው። እኔ የተወለድኩት መች እንደሆነ ራሴን አይቶ መገመት ይቻላል።

«ቀልድ እኮ ነው!» አልኳት። «ሁሌ የምትለው ቀልድ ነው!»

«ይቅርታ፣ ቀልድ የሚል አልተጻፈበትም።»

ደሜ ፈላ። ምን እንደተናገርኩ አልጽፍም። ከኋላዬ የተሰለፉት ሽማግሌ «ልጄ፣ ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው» አሉኝ። እሳቸውንም ሳልገላምጣቸው አልቀረሁም።

ሐሙስ 13፣ ሐኪም ቤት ኮሪደር ላይ

ሐኪሙን ተራ ጠብቄ አገኘሁት። መሰረዝ አይቻልም አለ። «ያሉኝን ነው የጻፍኩት።»

«ዶክተር፣ እናትህ ‹ገደልከኝ› ብትልህ ፖሊስ ትጠራለህ?»

ሳቀ። ሳቁ ግን ቶሎ ጠፋ። በውሉ መሠረት ይግባኝ ሰሚ ኮሚቴ አለ፤ እማዬ እዚያ ቀርባ ምን ለማለት እንደፈለገች ከተናገረች ቃሏን ከፋይሉ ጋር ያያይዙታል አለኝ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገና «ብቻ… ከዚህ በፊት ምንም ምልክት አልነበራቸውም አይደል? ዳገት ላይ ማረፍ፣ ቀና ብሎ መተኛት?» አለኝ።

ስልኬ ጠራ። ማተሚያ ቤት ነበር። ሄድኩ።

ቅዳሜ 15

ለእማዬ ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች፤ እስክታስላት ሳቀች። «እኔ ምን አልኩ? በወሬ ምክንያት ልሙት?» አለች። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ብላ በራሷ ላይ ተረተች።

ከዚያ ኮሚቴ ፊት ቀርባ ቀልድ ነበር ማለት እንዳለባት ስነግራት የጭኗን ልብስ ስታስተካክል፣ መልሳ ስታስተካክል ቆየች።

«ሌላ መንገድ የለም?»

«የለም፣ እማዬ።»

«ቤቱ ይሸጥ እንዳትሉኝ።»

«ማን አለሽ?»

«አባትሽ ጣራውን ሲመታ ሚስማሩን ያቀበልኩት እኔ ነኝ። ከዚህ ቤት በእግሬ አልወጣም።»

ይህን ያህል የሚከብደው ምኑ ነው? አንድ ዓረፍተ ነገር ነው! ቀልዱን በየሰዉ ፊት ስታወራው አልከበዳትም። ቀልድ ነበር ማለት ብቻ ከበዳት። ኩሽና ገብቼ ዕቃ አጠብኩ፣ ንጹሑን ጭምር። ለራሴ እንኳ የማልናገረው ነገር አለ፤ ኮሚቴው ፈቃዱን ቢከለክለን እንኳ ያችን ዓረፍተ ነገር በሰው ፊት ስትናገር ብሰማ… አይ። ይህ አልተጻፈም። እኔ የምፈልገው እንድትድን ነው።

ሰኞ 17፣ ማተሚያ ቤት

አለቃዬ የሒሳብ መጽሐፍ ረቂቅ ሰጥቶኛል፤ እኔ የማርመው የመድን ውሉን ነው።

አገኘሁት። «የታወቀ» ይላል። ማን ያወቀው? ግሡ ባለቤት የለውም! ሐኪም ያወቀው? ታማሚዋ ያወቀችው? ጎረቤት ያወቀው? እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ጀማሪ ቢያመጣልኝ በቀይ አሰምሬ እመልስለታለሁ። ሰው ግን ፊርማውን አኑሮበታል። እኔም አኑሬያለሁ፣ ሳላነብ። አራሚ ነኝ ባይ!

ምሳ ሰዓት ላይ ይቅርታ ጋ ደወልኩ። ጠይቃ ተመለሰች። «ይቅርታ፣ ቁም ነገሩ ሕመሙ መኖሩ አይደለም፤ መኖሩ መታወቁ ነው። ታካሚዋ ወይም አስመዝጋቢዋ እያወቁ ከተመዘገቡ አይሸፈንም። ሳያውቁ ከሆነ ይሸፈናል።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «የእኔም እናት ታማሚ ናት፤ ይግባኙ ላይ ‹አናውቅም ነበር› የሚለውን ቃል አይርሱት» አለችኝ። ይቅርታ ሳትል የተናገረችው የመጀመሪያው ነገር ነው። ባለፈው የተናገርኳት ነገር አሳፈረኝ።

እኛ አናውቅም ነበር። እንዴት እናውቃለን? ሐኪም አይቷት አያውቅ።

ዓርብ 21

ወንድም ጋሼ ደወለ። ከባድ መኪና ስለሚነዳ የሚደውለው መንገድ ዳር ሲያቆም ነው፤ የሚያልፉ መኪኖች ድምፁን ይቆርጡታል።

ነገሩን ዘርዝሬ ነገርኩት። በእኔ በኩል እንደ ምስክር ጻፍ፣ ጤነኛ ነበረች በል አልኩት።

«መጻፉን እጽፋለሁ» አለ። «ግን አንቺ ስትወለጂ እማዬ ያን ያህል ጊዜ መተኛቷ…»

«የወለደች ሴት አትተኛም?»

«እኔ እኮ ያኔ ትምህርት ቤት ገብቼ ነበር፣ አስታውሳለሁ። ጡት እንኳ አክስቴ ናት…»

መኪና አለፈ። ሲያልፍ «ስለዚህ ትጽፋለህ?» አልኩት። «እጽፋለሁ፣ አንቺ እንዳልሽው» አለኝ። «አንቺ እንዳልሽው» ማለት ምን ማለት ነው? ሰሞኑን ሁሉም ሰው ቃሌን ከአፌ እየነጠቀ ነው።

ቤቱን እንሽጥ አለኝ ደግሞ። ለእሱ ቀላል ነው። ገዢው ሲመጣ በር የምትከፍትለት እሷ ናት።

እሑድ 23

እግሯ አብጧል። በጣቴ ስጫነው ጉድጓዱ አይመለስም። ከአልጋ እስከ መታጠቢያ ቤት ለመድረስ ግድግዳውን እየያዘች ትሄዳለች፤ መሐል ላይ ቆማ «ይህ ቀለም መታደስ አለበት» ትለኛለች። ስለ ቀለም ሦስቴ አወራችኝ። አንጀቴን በላችው።

አዲስ መድኃኒት ገዛሁ። ይህኛው በመድኑ ዝርዝር ውስጥ የለም።

እባክህ፣ ትኑርልኝ።

ማክሰኞ 25

ይግባኙን ጻፍኩት። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ንጹሕ ጽሑፍ ጽፌ አላውቅም። «እናቴ ባሕርይዋ ተጫዋች ስለሆነ…» ብዬ ጀመርኩ። «በቤተሰባችን ውስጥ የታወቀ ሕመም አልነበረም» የሚለው ላይ ቆምኩ፤ «በቤተሰባችን ዘንድ» ይሻላል ብዬ ቀየርኩት። መልሼ «ውስጥ» አደረግሁት። አንድ ሰዓት ሙሉ በዚህ ፈጀሁ። ሌላው ዓረፍተ ነገር አላስቸገረኝም።

አክስቴ እራት ልታበላት መጥታ ነበር። እኔ ሳሎን እየጻፍኩ፣ እነሱ መኝታ ቤት በሩን ገርበብ አድርገው ያወራሉ።

«ንገሪያት» አለች አክስቴ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።»

«መድኃኒቱን ልታመጣልኝ አይደል እንዴ የምትጽፈው?»

«አዋላጇ እኮ ሁለተኛ እንዳትወልጂ፣ ይህ ልብ…»

«ዝም በይ። ልጄ ትሰማለች።»

ከዚያ ዝናቡ ቆርቆሮውን መታው፤ የቀረውን አልሰማሁም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ። ደግሞስ አዋላጅ ሐኪም አይደለችም። ውሉ ላይ አዋላጅ የሚል የለም።

አክስቴ ስትወጣ ወረቀቱን አየችና ግንባሬን ሳመችኝ። ለምን እንደሳመችኝ አላወቅሁም።

ቅዳሜ 29

ሰኞ ነው ተባለ። የምትለብሰውን መረጥን። የስልክ ቤት ኮቷን ካልለበስኩ አለች። ሰፍቷታል። ሁለታችንንም ይበቃናል አልኳት። አልሳቀችም።

«ምን ልበላቸው?»

«ቀልድ ነበር በያቸው። ሌላ ምንም አትጨምሪ።»

«አንቺስ ምን ትያቸዋለሽ?»

«እኔን ምን ይጠይቁኛል?»

ሰኞ 1

ክፍሉ ጠባብ ነው፤ መስኮቱ የመኪና ማቆሚያ ያሳያል። ሰብሳቢዋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መነጽሯን ትፈልጋለች። አጠገቧ የኮሚቴው ሐኪም፣ ሽበታም ሰውዬ። ይቅርታ ቃለ ጉባኤ ትይዛለች፤ ስንገባ ቀና ብላ አላየችንም፣ ግን ወንበሩን ወደ በሩ አስጠግታ አስቀምጣው ነበር፣ እማዬ ብዙ እንዳትራመድ።

«እናቴ፣ ለሐኪሙ ይህን ተናግረዋል?» አለች ሰብሳቢዋ።

«ተናግሬያለሁ።»

«ምን ማለትዎ ነበር?»

እማዬ ብድግ አለች። ተቀመጪ ብዬ ጎተትኳት፤ እጄን አስለቀቀች። ከዚያ ጡረታ ከወጣች ወዲህ ያልሰማሁት ድምፅ መጣ፤ የስልክ ቤቱ ድምፅ፣ ጥርት ያለ፣ «መስመርዎን ይጠብቁ» የሚለው።

«እመቤቴ፣ ልጅ አለሽ? ካለሽ አማርረሽ ታውቂያለሽ። እናት የምታማርረው ስትጠግብ ነው። ይቺን ልጅ ከወለድኩ ወዲህ አንድ ቀን ታምሜ አላውቅም። የሚያመኝን ሁሉ ያስረሳችኝ እሷ ናት። ይጻፍልኝ።»

ተጻፈላት። ዕድሜዬን ሙሉ የጠበቅሁት ዓረፍተ ነገር ነበር፤ ከአፏ ሲወጣ ግን የሰማሁት ትንፋሿን ነው። በየቃሉ መሐል ትንሽ ትንሽ ታርፋለች። ሰው በወግ የምትናገር መስሎት ይሆናል። የወንበሩን መደገፊያ የያዘው እጇ ነጭ ሆኗል። እኔ መኪና ማቆሚያውን አየሁ። አንዲት ሴት ጃንጥላዋ አልዘጋ ብሏት ከነጃንጥላዋ መኪና ውስጥ ልትገባ ትታገላለች። እሷን አየሁ።

ሽበታሙ ሐኪም ወደ እኔ ዞረ። እማዬን ሲያይ የቆየበት አስተያየት አላማረኝም፤ አንገቷ ላይ ያለውን ሥር ነበር የሚያየው።

«እርስዎ አብረው ነው የሚኖሩት?»

«ከፍቺዬ ወዲህ፣ አዎ። ከዚያ በፊትም ያደግሁት እዚያው ነው።»

«በቤት ውስጥ የታወቀ ነገር ነበር?»

«አልነበረም» አልኩ።

 ፈረምኩ። ፊርማዬ ግን የእኔን አይመስልም።

ስንወጣ ደረጃው ላይ እማዬ ቆመች።  ቀለሙንም አላነሳችም። እኔም ምን ሆንሽ አላልኳትም። ሁለታችንም ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቅን።

ዓርብ 5

ፈቀዱ! ፈቀዱ! ይቅርታ ራሷ ደወለች። «ይቅርታ፣ እንኳን ደስ አለዎት» አለችኝና ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ እኔ አለቀስኩ፣ ማተሚያ ማሽኑ ጎን፤ ደግነቱ ማሽኑ ይጮሃል።

ለወንድም ጋሼ ደወልኩ። መንገድ ዳር አቆመ። «ተመስገን» አለ። «ሌላውን ነገር እንርሳው።» የቱን ሌላ ነገር አላልኩትም።

ረቡዕ 10

ገባች። በር ተዘጋ። አክስቴ ትጸልያለች። እኔ የግድግዳውን ማስታወቂያ አርማለሁ፤ «ጸጥታ» ጠፍቷል፣ «ጽጥታ» ብለውታል።

ገና።

አሁንም ገና።

ወጣች! ደህና ናት።

ዓርብ 12

ቀዶ ሐኪሟ ኮሪደር ላይ ጠራችኝ። ደክሟታል፤ ጓንቷን እያወለቀች ነው የምታወራው። መልካም ሆኗል፣ አዲሱ በር ይሠራል አለች። ከዚያ «የቀድሞው ግን የዓመት የሁለት ዓመት አይደለም፤ እንደ ድንጋይ ሆኖ ነበር። ይህን ይዘው እንዴት ኖሩ? ልጅስ እንዴት ወለዱበት? ቤት ውስጥ ማንም አያውቅም ነበር?» አለችኝ።

«ማንም» አልኩ። ሁለተኛ ጊዜ ስለሆነ ቀለለኝ። እሱ ነው ያስፈራኝ።

ገባሁ። እማዬ ነቅታለች። ከንፈሯ ቀለም አለው፤ እናቴ እንዲህ ያለ ከንፈር እንዳላት አላውቅም ነበር። አጠገቧ ተቀመጥኩ። መጠየቅ አልነበረብኝም። ሰው ከቀዶ ሕክምና ሲነቃ ይጠየቃል እንዴ? አፌ ግን እንደ እሷ አፍ ነው።

«እማዬ፣ ኮሚቴው ፊት የተናገርሽው… እውነትሽን ነው?»

ዓይኗን ጨፈነች። የተኛች መሰለኝ።

«የምትጠይቂኝ ለቢሮው ነው ወይስ ለራስሽ?»

ለራሴ ነበር። ሰማይ ይመስክር፣ ለራሴ ነበር። ብላት ኖሮ ትነግረኝ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ግን ሁለታችንም የምናውቀው ነገር ይሆናል። ፈራሁ።

«ለቢሮው» አልኩ።

«ለቢሮው ከሆነ እውነት ነው» አለችና ውሃ ጠየቀችኝ። ብዙ አይፈቀድም ብለውኛል። በማንኪያ፣ ትንሽ ትንሽ አድርጌ አጠጣኋት።